መብራትን በጆሮ የሚጠብቁ ሰው

ነጩን ካፓሲተር ያገኘሁት እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሰበታ በሚገኘው ቤታችን፣ የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ነበር። ሽቦ ከምበይድበት የስታኞ ጥቅል ሥር፣ ከተላጡ የሽቦ ቁርጥራጮች ጋር ተጋድሞ ነበር። ለውሃ ፓምፕ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ ትልቁን የባትሪ ድንጋይ ያህላል፤ እግሮቹን ገና ስታኞ አልነካቸውም። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። አንሥቼ አቧራውን አራገፍሁለት፤ መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጠው እጄን ስዘረጋ ግን ክንዴ እዚያው አየር ላይ ቀረ። የገዛሁት ሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱም በዚያ ሰዓት ሱሉልታ፣ በአማቴ ሸክላ ማጫወቻ ሆድ ውስጥ መሆን ነበረባቸው።

«ሁለት ብቻ ነበር» ስል ያን ጊዜም እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ዛሬም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ፊዚክስ ነው። አንድን ልኬት ከነስሕተቱ መጠን መመዝገብ የለመድሁ ሰው ብሆንም የራሴ ትውስታ በምን ያህል እንደሚሳሳት ለክቼው አላውቅም። ምናልባት ሦስት ገዝቼ አንዱን ለመጠባበቂያ አስቀርቼ ይሆናል። ሻጩ «ሦስተኛውን ጨምረው፣ ነገ ብትመጣ አታገኘውም» ሲለኝ አሁንም ይሰማኛል፤ እኔ እሺ ልበለው እምቢ ግን አይሰማኝም።

ስለ ማጫወቻው ጥቂት ማለት አለብኝ። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ወጣትነታቸውን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽኖች መካከል የጨረሱ ሰው ናቸው። ቀኝ ጆሯቸው ፈጽሞ አይሰማም፤ ግራው በከፊል ይሰማል። የቀራቸው ደስታ የድሮ ሸክላዎቻቸው ናቸው፤ ግን ለእሳቸው በሚበቃ መጠን ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ ባለቤታቸውም ነጠላቸውን አንሥተው ከግቢ ይወጣሉ። በማዳመጫ እንዲሰሙ እንዳመቻችላቸው የለመነችኝ ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ ናት። ማጫወቻው ከትራንዚስተር በፊት በነበሩት፣ አምፖል በሚመስሉት ቫልቮች የሚሠራ ዕቃ ሲሆን የግራውም የቀኙም የድምፅ መውጫ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበር። ምትክ ስላጣሁ አሠራሩን ለውጬ ማዳመጫውን ከቫልቮቹ ጋር በካፓሲተር በኩል አገናኘሁት፤ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ።

በዚህ አሠራር ካፓሲተሩ የበር ዘበኛ ነው። ከቫልቩ ዘፈኑ ብቻውን አይወጣም፤ ከመቶ ቮልት የበለጠ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አብሮት ይመጣል። ካፓሲተሩ የሚርገበገበውን ዘፈን ያሳልፋል፣ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ጤነኛ ከሆነ አድማጩ መኖሩንም አያውቅም። ከተበሳ ግን በቫልቩና በሰውየው ራስ መካከል የሚቆም ነገር የለም። ማዳመጫው ደግሞ ከአንድ የድሮ የቋንቋ መማሪያ ላቦራቶሪ ወጥቶ ምናለሽ ተራ የወደቀ ነበር፤ የራስ ማቀፊያው ብረት ነው፣ የተለበጠበት ቆዳም ተልጦ ብረቱ ፀጉር ይነካል። ይህን ሁሉ ሳደርግ አውቅ ነበር። የጥንቃቄዬ ሁሉ መሠረት ካፓሲተሩ ነው ብዬ ስለነበር ምርጫው ላይ ብዙ ተጨነቅሁ።

መጠኑ ካነሰ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ አማቴ ደግሞ «ከበሮውን አሰማኝ እንጂ ሌላው ይቅር» ብለውኛል። መጀመሪያ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የፈታኋቸውን፣ በርሜል የሚመስሉ ሁለት ካፓሲተሮች በይጄ አዳመጥሁ። ድምፃቸው ለስላሳና ሞቅ ያለ ነበር፤ ልተዋቸው ፈልጌ ነበር። በቴስተር ስለካቸው ግን መመለስ የሚገባቸውን ኤሌክትሪክ በትንሹ ያሾልኩ ነበር። እንዲህ ያለው ካፓሲተር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዓመታት ብዛት ይደርቃል፤ ዛሬ በትንሹ ያሾለከው አንድ ቀን ሁሉን ይለቃል፤ ቀኑን ማንም አያውቅም። ስለዚህ የፓምፕ ካፓሲተር መረጥሁ። ለድምፅ ዕቃ ብሎ የሚሸጠው የለም፤ ሰበታ ውስጥ ግን የጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሰው ስለሚበዛ በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ ይገኛል። ፈሳሽ የለውም፣ አይደርቅም፣ የሚችለው ቮልቴጅ ከሚያስፈልገኝ እጅግ ይበልጣል።

አንዱን ጎን ቀይሬ ሌላውን እንዳለ ትቼ የሁለቱን ልዩነት ማዳመጥ የቆየ ልማዴ ነው። ግራውን ቀየርሁ፤ ከአሮጌው ቀኝ ጋር አወዳደርሁት። ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ይህንንም አስታውሳለሁ። ከዚህ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ሁለት ትውስታ አለኝ፤ ሁለቱ አይታረቁም። በአንደኛው መብራት ተመልሷል፣ ቀኙን ስበይድ ጭሱ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል፣ ሁለት ነጫጭ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ያብረቀርቃሉ። በሌላው የባለቤቴ ወንድም ዕቃውን ወደ ሱሉልታ ሊወስድልኝ መጥቶ በር ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔም ደንገዝ ባለ ክፍል ውስጥ የታችኛውን ክዳን ብሎን በዳበሳ አጠብቃለሁ።

ካፓሲተሩን ይዤ ባለቤቴ ወዳለችበት ሄድሁ።

«ይህን ጠረጴዛዬ ላይ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ጠረጴዛህን እንዳልነካ ያስማልከኝ አንተ አይደለህ?» አለች እየሳቀች። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ሳቋ ጠፋ። «ምን ሆነሃል?»

«አባባ ዛሬ ሸክላ እየሰሙ ይሆን?»

«በምን መብራት? እማዬ ጫንጮ ለቅሶ ደርሳ ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ከቤት ስትወጣ መብራት አልነበረም። ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል፤ እዚያ እኮ መብራት ሲጠፋ ስልኩም አይሠራም። አባባ ብቻቸውን ናቸው።»

መብራት ከሌለ አደጋ የለም። «እንግዲያው ማጫወቻውን አጥፍተውታል» አልሁ።

«አጥፍተውታል?» ብላ ሳቀች። «አታውቅም እንዴ? ያንተን ነገር ጆሯቸው ላይ ደፍተው ተቀምጠው ነዋ መብራት የሚጠብቁት! የጎረቤት ልጆች ‹መጣ!› ብለው ሲጮኹ አይሰማቸው፣ ፍሪጁ ሲነሣ አይሰማቸው። ‹ከበሮው ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ያን ጊዜ መብራት መጥቷል ማለት ነው› ይላሉ። እማዬ በዚህ ስትስቅባቸው ነው የከረመችው።»

በእኛ ከተሞች መብራት ሲሄድ ማብሪያውን የሚያጠፋ ሰው የለም። እያንዳንዱ ቤት ለምልክት የሚተወው ነገር አለው፤ አንዱ የበረንዳ አምፖል፣ ሌላው ሬዲዮ። የእኔም ቤት የኮሪደሩ አምፖል ነው። ይህን ልማድ እንደ ሞኝነት ቆጥሬው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ማብሪያው እንደበራ፣ ብረቱ ከሽበታቸው ተጣብቆ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ ሽማግሌ በዓይነ ኅሊናዬ ታዩኝ። መብራት ከቆየበት ሲመለስ ደግሞ እንደ ሄደው ሆኖ አይመጣም፤ ከፍ ብሎ፣ ገፍቶ ይመጣል። የእናቴ ፍሪጅ የተቃጠለው እንዲህ ባለ አመጣጥ ነው። ያረጀ ካፓሲተርም የሚበሳው በዚያች ቅጽበት ነው።

የመበየጃ ካውያዬን፣ ቴስተሬንና ካፓሲተሩን በፌስታል ከትቼ ወጣሁ። ባለቤቴ እናቷን ልትፈልግ ስልኳን አንሥታ ነበር፤ የመስመር ስልክ ያላቸው ጎረቤቶች ቁጥር ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተው ስልካቸውን ድምፅ አጥፍተውት ኖሮ አላነሡም።

መኪና ያለው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ የሚኖረው ቡራዩ። ስልኩን ስላላነሣልኝ በታክሲ እየቀያየርሁ ሄድሁ። ከአለም ገና እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም እስከ አስኮ በየታክሲው ውስጥ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ አማቴ ስልክ እየደወልሁ «ጥሪ አይቀበልም» የሚለውን የተቀዳ የሴት ድምፅ ማዳመጥ። ያ ድምፅ እስከተሰማ ድረስ ሱሉልታ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ እሳቸው አሉ። በሕይወቴ ስልክ እንዳይነሣልኝ የጸለይሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት በመጨረሻ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ተወው ወንድሜ፣ የዘጋ ሰው ተለምኖ አይከፍትም» አለችኝ።

የባለቤቴን ወንድም ያገኘሁት ቡራዩ፣ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነበር። ከኋላ ሆኜ ምልክት ሰጠሁት። እያጎነበሰ ወጣ።

«ኢንጂነር! ፊትህ ምነው ኖራ መሰለ? ማንን ገደልክ?» አለኝ። ኢንጂነር እንዳልሆንሁ ያውቃል፤ እንዲህ የሚጠራኝ ለመንካት ነው።

«መኪናህን አስነሣ። አባባ ጋ እንሂድ።»

ወዲያው ቀልዱ ለቀቀው። ሲደነግጥ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል። «ማል ታቴ? ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። እንዳይሆኑ ነው። በሰጠሁህ ማጫወቻ ውስጥ አንድ ክፍል ሳልቀይር የቀረሁ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል ወይስ ቀርቷል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲህ ለ‹ይመስለኛል› ነው ከእድር የምታስቀጣኝ!» አለ፤ ቁልፉን ግን ከኪሱ አውጥቶ ነበር። ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ያ ልጅ ወዴት ነው?» ሲሉ ሰማን። «ሚስቴ ምጥ ይዟታል!» ብሎ መለሰላቸውና ሮጠ። ሚስቱ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ታየው ነበር።

መኪናው ውስጥ ነገሩን አስረዳሁት። ካስረዳሁት በኋላ አልቀለደም። ዊንጌትን አልፈን ወደ አዲሱ ገበያ ስንታጠፍ ነው የተናገረው።

«ማጫወቻውን ልወስድ የመጣሁ ቀን መብራት አልነበረም።»

«ተመልሶ ነበር። ስበይድ ትዝ ይለኛል።»

«አልነበረም አልኩህ። ክዳኑን ስታጠብቅ በሞባይሌ ያበራሁልህ እኔ አይደለሁም? እንዲያውም አንዱ ብሎን ወድቆ ምንጣፍ ሥር ገባ፣ ‹ተወው፣ በሦስቱ ይይዛል› አልክ።»

ብሎኑ ትዝ አለኝ። ወይም እሱ ሲናገር ብሎኑን ፈጠርሁት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜ ማወቅ አልቻልሁም። በትውስታዬ ውስጥ ሁለቱ ነጫጭ ካፓሲተሮች ያብረቀረቁበት ብርሃን የአምፖል ይሁን የሞባይል ልለየው ሞከርሁ፤ በሞከርሁት መጠን ደበዘዘ።

«ስንት ነጭ ቆርቆሮ አየህ? ውስጡን ስታበራልኝ?»

«እኔ ምኑን አውቄ? የበግ ሆድ ዕቃ ነው የመሰለኝ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እንዴት ነው የሚገድለው? ቶሎ ነው?» አለኝ።

በጭንቅላቴ እያሰላሁት ነበር። ምናልባት አይገድልም፤ ምናልባት የማዳመጫው የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሎ በፍንዳታ ድምፅ ብቻ ያበቃል። ማዳመጫውን አዟዙረው አድርገውት ያ ፍንዳታ በግራ ጆሯቸው ከሆነ የቀረቻቸውን አንዲት ጆሮ ይወስዳል። ብረቱ ከላብ ጋር ከተገናኘ፣ እግራቸውም ሲሚንቶው ላይ ባዶውን ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ሰውነት ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፣ የሽማግሌ ልብ ደግሞ በሠንጠረዥ አልተጻፈም። የተማርሁት ሁሉ ፍርሃቴን በዝርዝር እንድፈራው ብቻ ረዳኝ።

የእንጦጦን ዳገት ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ማቆልቆል ስንጀምር እንደገና ደወልሁ። የሴትዮዋ ድምፅ አልመጣም። ዝም አለ፤ ከዚያ ጠራ።

«ምን አለ?» አለኝ የባለቤቴ ወንድም።

«ጠራ።»

«ተመስገን!» ካለ በኋላ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው። ነዳጁን ረገጠው። ስልኩ እየጠራ፣ እየጠራ ቆይቶ ተቋረጠ። እንደገና ደወልሁ፤ ጠራ፣ ተቋረጠ። ምናልባት የኔትወርኩን ማማ በጄነሬተር አስነሥተውት ይሆናል አልሁ፤ ለራሴ ነው የተናገርሁት። ስልኩን ያላነሡት ማዳመጫውን ስላደረጉ ነው አልሁ። ይህኛው ማጽናኛ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሱሉልታ ስንገባ መጀመሪያ የሰማሁት የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው። ወፍጮው እየተሽከረከረ፣ ሴቶች ማዳበሪያ ተሸክመው ተሰልፈው ነበር። ፀጉር ቤቱ ሙዚቃውን ለቆታል። በየበረንዳው በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል። ጄነሬተር የሚለው ተስፋዬ እዚያ ሞተ።

የአማቴ ግቢ በር ከውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። የባለቤቴ ወንድም በድንጋይ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ «አባዬ! አባዬ!» እያለ ጮኸ። ከጎረቤት ውሻ በቀር የመለሰለት የለም። እንደማይሰሙ እያወቅን ሁለታችንም መጮኻችንን አላቆምንም። በመጨረሻ የእድር ልብሱን እንደለበሰ በአጥሩ ላይ ወጣ፤ ኮቱ ሽቦ ላይ ተይዞ ሲቀደድ ሰማሁት። ሰንሰለቱን ፈትቶ አስገባኝ። ወደ ቤቱ የሮጥነው እኩል ቢሆንም በሩ ላይ ስንደርስ እሱ ቆመ። «አንተ ግባ» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ማዳመጫው ራሳቸው ላይ ነው፤ ራሳቸው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ዘንበል ብሏል። ዘፈኑ አልቆ፣ መርፌው መካከሉ ላይ ሆኖ ሸክላው በባዶ እየዞረ ነው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተዋል። አይንቀሳቀሱም።

ወደ እሳቸው አልሄድሁም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መጀመሪያ የሮጥሁት ወደ ግድግዳው ነው፤ ሶኬቱን ከነዲቫይደሩ መንጭቄ ነቀልሁት። ሸክላው እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። ቤቱ ዝም አለ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ረጅም ነበር ብዬ አስታውሳለሁ፤ የባለቤቴ ወንድም ግን ወዲያው ነው ይላል።

አማቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ደግሞ ሄደ?» አሉ በምሬት። «ምን ዓይነት ዘመን ነው ጎበዝ!»

የባለቤቴ ወንድም በሩ ላይ ቁጭ አለ። ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። አማቴ በድምፅ ሳይሆን በጥላችን መኖራችንን አወቁና ዞሩ። ማዳመጫውን አውርደው እኔን፣ በእጄ ያለውን ሶኬት፣ ከዚያ የልጃቸውን የተቀደደ ኮት ተራ በተራ አዩ።

«አካም ጅርታ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ! የሰው መብራት ነቅሎ መቆም ምን የሚሉት ሰላምታ ነው?»

በግራ ጆሯቸው በኩል ተጠግቼ ጮክ ብዬ፣ «አባባ፣ ውስጡን ልየው ብዬ ነው። አንድ ነገር ረስቻለሁ መሰለኝ» አልኋቸው።

«መሰለኝ ብለህ ነው ከሰበታ የመጣኸው?»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት፣ አባዬ» አለ ልጃቸው ከመሬት ሳይነሣ።

ማጫወቻውን ገልብጬ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ ጠበቅሁ። ክዳኑን የያዙት ሦስት ብሎኖች ነበሩ። ስከፍተው በግራ በኩል ነጩ የፓምፕ ካፓሲተር ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ያለው አሮጌው በርሜል ነው። አናቱ አብጧል፤ ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ደርቋል። ስነካው ገና ሙቅ ነበር። ትውስታዬ ፈጽሞ አልዋሸኝም ማለት ነው፤ ግማሹን ነግሮኝ ሌላውን ግማሽ ከራሱ ሞላው። አሮጌውን ቆርጬ አወጣሁና በቴስተር ለካሁት። በሰበታ ከለካሁት ብዙ እጥፍ ያሾልክ ነበር። የሚቀጥለውን የመብራት መምጣት ይችለው ነበር ብዬ ማንንም ማሳመን አልችልም።

እንዲህ ያለ ካፓሲተር ከመበሳቱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ይንጫጫል፣ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይጎረብጣል። ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው በአንድ ቀን ያውቀዋል። ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሲነገር የከረመው ለማይሰማው ጆሮ ነበር።

«በቀኝ በኩል ምንም አልተሰማዎትም?» አልኋቸው፤ ጥያቄው ከንቱ መሆኑን እያወቅሁ።

አማቴ ልጃቸውን ገላመጡት፤ ውሃ እንዲያመጣላቸው ላኩት። እሱ ከወጣ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልነገርኳችሁም። ለማንም አልነገርኩም፤ ገና ሳይጨርስ ቢወራ ይቀራል ብዬ። ቀኝ ጆሮዬ ይሞቀኝ ጀምሯል። ይህን ነገር ሳደርገው፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ይሞቃል። አንዳንዴም ይነዝረኛል። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሬሳ የነበረ ጆሮ! ሊመለስ ነው መሰለኝ፣ ልጄ። ዛሬ ደግሞ መብራት ሲመጣ ከወትሮው በረታ። በዚያ ደስታ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

የሾለከው ኤሌክትሪክ የማዳመጫውን ጥቅልል እያሞቀው ነበር። ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገው እውቀት ሁሉ ነበረኝ፤ አንዱንም ቃል ማውጣት አልቻልሁም። ቀኝ ጉንጫቸውን አየሁት፤ ከጆሯቸው ሥር ቀላ ብሎ ነበር። የፈራሁት ነገር ለቀናት በመዳፉ ሲዳብሳቸው ከርሟል፤ እሳቸውም በፍቅር ጠብቀውታል።

የማጫወቻውን ማብሪያ አጥፍቼ ሶኬቱን ሰካሁ፤ ካውያውን አጋልሁ። አዲሱን በየድሁ። ብየዳው ስላላሳመነኝ ደግሜ በየድሁት። ዓይኔንም እጄንም ስለማላምን የባለቤቴን ወንድም ጠርቼ፣ «ስንት ነጭ ይታይሃል?» አልሁት።

«ሁለት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኢንጂነር፣ ሁለት ነው። ከፈለግህ ማህተም ላድርግበት።»

ማዳመጫውን ለአማቴ ከመስጠቴ በፊት እኔው ራሴ ላይ አደረግሁት። ብረቱ ፀጉሬን ነካ። ማብሪያውን ተጫንሁ፤ ቫልቮቹ እስኪሞቁ፣ እስኪቀሉ ጠበቅሁ። የስሌቱን ውጤት አውቀዋለሁ፤ ቴስተሩ ዜሮ ብሎኛል፤ ዓይኔን ግን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ከበሮው በሁለቱም በኩል እኩል መጣ። የሸክላው አንድ ፊት እስኪያልቅ አላወለቅሁትም።

«ልትጨርስብኝ ነው እንዴ?» ብለው ወሰዱብኝ።

ሸክላውን ገልብጠው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው አደረጉት። እኔ ግድግዳው ሥር፣ ሶኬቱን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። በግራቸው ዘፈኑ ሲገባ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቆመ። ቀኙን ጠጋ አደረጉት፣ ጠበቁ፣ እንደገና ጠጋ አደረጉት።

«ቀዘቀዘ» አሉ።

«አባባ፣ የቀድሞው የተበላሸ ነበር።»

«ይሁን፤ የተበላሸውን መልስልኝ። ግራው ባንተ ይሁን፣ አሳምረኸዋል። ቀኙን እንደነበረ አድርግልኝ።»

አሮጌው ካፓሲተር ኪሴ ውስጥ ነበር። በጨርቁ ላይ አጥብቄ ያዝሁት፤ ከእጄ የሚወስዱብኝ ይመስል። «አይሆንም» አልሁ።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ከበሯቸው ተመለሱ። መዳፋቸውን ቀስ ብለው አንሥተው የቀኙን ማዳመጫ ከላይ ሸፈኑት፤ በእጃቸው ሙቀት ያሞቁት ጀመር። እኔም ሶኬቱን አልለቀቅሁትም።